ደመና ሲሆን የሚመጣው ሰው

ሀርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ
መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለዘሩባቤል፣

ጤናህን ከመጠየቄ በፊት ልቆጣህ ነው። ያን ሁሉ አውርቼ የላክሁልህን የድምፅ መልእክት «እትዬ፣ ከጩኸት በቀር አንዲት ቃል የለበትም» ብለህ ስቀህበት ጻፍክልኝ። እኔ እኮ የእናታችንን ሙት ዓመት፣ ያንተን የጋብቻ ነገር፣ ስንቱን ነው ያወራሁት! በል እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ድሮው እንጻጻፍ። በስልክ ቢላክም ደብዳቤ ደብዳቤ ነው። ሰላምታ የሌለው ከሆነ አልመልስም፤ አውቀህ ጻፍ።

ጩኸቱ ምንድን ነው ላልከኝ፣ ያንተው ወዳጆች ናቸው። የአሠሪዬ የኤዶ ረሺዳ ልጅ ሰሀል ሁለት የቢትኮይን ማሽን አስመጥቶ ቤት ውስጥ ተክሏል። አንተ ደብረ ብርሃን በዚያ ግቢያችሁ በየኮንቴይነሩ ስትጠብቃቸው የምትውላቸው ዓይነት መሰሉኝ። ሲያዩአቸው የጫማ ካርቶን ያህላሉ። ጩኸታቸው ግን ሰሀል ከሚሠራበት አየር ማረፊያ አውሮፕላን ሊነሳ ሲል እንደሚሰማው ነው። ልዩነቱ ይኸኛው አውሮፕላን አይነሳም። ቀኑን ሙሉ ሊነሳ ሲል ይውላል።

የተከላቸው በሟቹ አባቱ በሐጂ ዓብዲዓዚዝ ክፍል ነው። ሰውየው ከሞቱ ወዲህ ክፍሉ ተዘግቶ ነበር የኖረው። ኤዶ ረሺዳ አልተቃወሙም፤ «ክፍል ሰው ከሌለው ድምፅ ይኑረው» አሉ። (ኤዶ ስልህ ስማቸው እንዳይመስልህ፤ እዚህ ትልቅ ሴት የምትጠራበት ነው፣ አክስቴ እንደማለት።) በስደቱ ጊዜ ሀርታሼክ ካምፕ፣ ኋላም ጅጅጋ ብዙ ስለኖሩ አማርኛ ይናገራሉ። ወንድና ሴቱን ማቀያየራቸው ብቻ አይለቃቸውም፤ እኔን «አንተ» ነው የሚሉኝ። ለምጄዋለሁ።

የቸገረኝ ሙቀቱ ነው። ሁለቱንም ማሽን በአንድ ማከፋፈያ ሰክቷቸው ትናንት ሶኬቱ ቀልጦ ሸተተ። ግድግዳው ከወዲህ በኩል ሳይቀር ይፋጃል። ሰሀል «ወንድምሽን ጠይቂልኝ» ብሎ ለምኖኛል። እኔም እላለሁ፣ ቤት ሳይቃጠል ቶሎ ጻፍልኝ። ሌላም የምነግርህ ነበረኝ፤ እሱ ይቆይ።

እህትህ ሀረገወይን

*

ደብረ ብርሃን
ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሀረግ፣

እንዳትቀጪኝ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ፦ እንዴት ነሽ? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? ኤዶ ረሺዳስ ደህና ናቸው? የዘገየሁት ፈረቃ ስንገባ ስልካችንን በር ላይ ስለሚሰበስቡን ነው እንጂ ረስቼሽ አይደለም።

አዎ፣ ሚስት ላገባ ነው። ዝርዝሩን ሌላ ጊዜ። አሁን ወደ ቀለጠው ሶኬት።

ለሰሀል እንዲህ በዪው። ማከፋፈያ የሚባል ነገር ዛሬውኑ ይነቀል። ለየማሽኑ ወፍራም ሽቦ ከቆጣሪው ሳጥን በቀጥታ ይሳብ፣ ለየራሳቸውም ብሬከር ይኑራቸው። ሽቦው በእጅ ሲነካ ከሞቀ ቀጭን ነው ማለት ነው። ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ ካርቶን ከክፍሉ ይውጣ። ደግሞ ለማቀዝቀዝ ብላችሁ እርጥብ ጨርቅ እንዳታስጠጉበት፤ እዚህ አንዱ ሞክሮት አይተናል።

ማሽን ማለት እንደ ሰው ነው እትዬ፤ ቀዝቃዛ ይስባል፣ ትኩስ ያወጣል። ያወጣውን መልሶ ከሳበ ይታመማል። ስለዚህ በኋላ ግድግዳ ላይ ትልቅ አየር ማስወጫ ቬንትሌተር ያስገባ፤ ትኩሱን ወደ ውጭ ይትፋው። የሚስበውን አየር ግን ከውጭ አታድርጉት። ያንን የሀርጌሳ አቧራ ከሳበ በሳምንት ይታፈናል። የክፍሉን በር ከሥር በኩል ቆርጣችሁ አየሩን ከኮሪደሩ፣ ከቤቱ ውስጥ ይሳብ። የቤቱ አየር ንጹሕ ነው።

ይቆይ ያልሽው ነገር ምንድን ነው? እንቅልፍ ነሳኝ።

ወንድምሽ ዘሩ

*

ሀርጌሳ
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘሩ፣

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰህ። እኔ ፋሲካን ሰብሪና ዘንድ ነው የዋልኩት፤ 31 ሜይ የሚባለው ሰፈር ሱቅ ያላት የወሎዋ ልጅ፣ ነግሬሃለሁ። የእኔን በዓል እሷ ናት ያስታወሰችው፤ እስላም ሆና ዶሮ ገዝታ ጠበቀችኝ።

ምክርህ ሠርቷል። ቬንትሌተሩ ከገባ ጀምሮ ክፍሉ ቀዘቀዘ፤ ሰሀልም ወንድምሽ መሐንዲስ ነው እያለ ያወራል። ጉልበቱ እንዴት ያለ መሰለህ! የወጥ ቤቱን በር በትንሹ ስከፍተው ራሱ ጎትቶ ይወስደዋል። ቤቱ በሙሉ ወደዚያ ክፍል የሚተነፍስ ነው የሚመስለው።

እንቅልፍ ነሳኝ ላልከው፣ ያቆየሁት ስለ ኤዶ ረሺዳ ነበር። ያኔ ትንሽ ነገር ነበረ፤ ማሽኑ ክፍል በር ላይ ቆመው ጆሯቸውን ሲያስጠጉ አያቸዋለሁ፤ ባልቴት ናቸው ብዬ አለፍኩት። ዝናቡ ከገባ ወዲህ ግን ሌላ ሆነ። በቀደም ከሰዓት በኋላ ደመናው ከብዶ ቤቱ ጨለም ሲል የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ኤዶ፣ እንግዳ አለ እንዴ?»

«ዝም በል» አሉኝ፤ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው። «ጉሮሮውን ጠርጓል። አሁን ከሶላት በፊት ለውዱእ ሊታጠብ ውሃ ይቀዳል።»

«ማን ነው?»

«ዓብዲዓዚዝ ነዋ!» እንደ ሙሽራ ሳቁ። «ፀሐይ ሲሆን አይመጣም። ደመና ሲሆን ነው።»

ባላቸው ሲሞቱ ኤዶ ጅጅጋ ዓይናቸውን ሊታከሙ ሄደው ነበር። እሳቸው ሲደርሱ ሐጂ በሞቱበት ቀን ተቀብረዋል። አንድ ጊዜ «ኢዳዬን ተቀምጫለሁ፤ ልቤ ግን አልተቀመጠም» ብለውኛል (ኢዳ ባል የሞተባት ሴት የምትቀመጠው የሐዘን ጊዜ ነው)። ስለዚህ አልተከራከርኩም። እኔ ራሴን ያስፈራኝ ግን እሳቸው ዝም በል ሲሉኝ ዝም ብዬ ማዳመጤ ነው። በማሽኑ ጩኸት ሥር፣ ከታች፣ ውሃ ሲቀዳ ሰማሁ ብልህ ትስቃለህ?

ሰሞኑን የያዘኝን ራስ ምታት ጾሙ ነው ብዬ ነበር። ጾሙ ተፈታ፣ እሱ አልተፈታም።

እህትህ

*

ደብረ ብርሃን
ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ሀረግ፣

አልሳቅሁም። እግዜር ያሳይሽ፣ አንዲት ጥርስ አላሳየሁም። አንቺ ግን ደህና ነሽ ወይ? ከልብሽ ንገሪኝ።

እዚህም ይሰማል። ማሽኖቹ አንድ ላይ ሲጮኹ ውስጡ የማይሰማ ነገር የለም። ታሪኩ የሚባል የፈረቃ ጓደኛዬ እናቱ ስትጠራው ሰምቶ «አቤት!» ብሎ ከኮንቴይነር ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲጠራው መልስ አይሰጥም፤ ትከሻውን ካልነካነው ዞር አይልም። አለቃችን ጆሮ ባዶ ድምፅ ሲበዛበት የሚያውቀውን ይፈልጋል አለን። እኔ እንደዚያ ነው ብዬ ነው የማምነው። አንዳንድ ቀን ግን ጥጥ እከትበታለሁ።

ስለዚህ ጆሮሽን ከልዪ፣ ሲበዛብሽ ወጣ በዪ፣ ሰብሪና ዘንድ ሂጂ። ኤዶ ረሺዳንም ፀሐይ ላይ አስቀምጫቸው። ጥያቄም አለኝ፦ የሰሀል ማሽኖች በጣራው ሶላር ነው የሚሠሩት ብለሽ በስልክ ነግረሽኛል። ደመና ሲሆን ታዲያ በምን ይሠራሉ?

ዘሩ

*

ሀርጌሳ
ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘሩዬ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ስለ ፊደሉ ስህተት ይቅር በለኝ፤ ዛሬ ጣቴ የምለውን አይሰማኝም፣ አንዱን ቃል ጽፌ ሌላ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ደህና ነሽ ወይ ላልከው፣ አላውቅም። የቤቱ ድመት ሞተች። ያቺ ከኮሪደሩ በር ሥር ሙቀት ፍለጋ የምትተኛዋ። ሳትታመም፣ እንደተጠቀለለች፣ እንደተኛች። ሰሀል መርዝ በልታ ነው አለ። ኤዶ ረሺዳ ግን «እሱ ወሰዳት፣ ድመት ይወድ ነበር» አሉና አላዘኑም።

አየሁት ዘሩ። ከትናንት በስቲያ ነው፤ ቀን፣ ዓይኔ እያየ። ሰማዩ ዝናብ አርግዟል፤ ሰሀል ሥራ ሄዷል። የታጠበ ልብስ ታቅፌ በኮሪደሩ ሳልፍ የማሽኑ ክፍል ገርበብ ብሏል። ሰው ተቀምጧል። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ሽርጥ ለብሶ፣ በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ። ግራ ትከሻው ወደ ታች ወርዷል፤ ተሰብሮ ተጣሞ የዳነ ዓይነት። ማሽኖቹ ከፊቱ መብራታቸው ብልጭ ብልጭ ይላል፤ እሳት የሚሞቅ ይመስላል። ጮኼ መሸሽ ሲገባኝ ልብሱን እንደታቀፍኩ ቆሜ ቀረሁ። ደስ አለኝ ብልህስ? እግሬ ተሳስሮ፣ ራሴ ከብዶ፣ ደስ አለኝ።

ለኤዶ ስነግራቸው ጉንጬን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ትከሻውን አየህ? ግመል ነው የጣለው። ልጅ ሆኖ።» ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ቤቱ ውስጥ ፎቶግራፋቸው የለም፤ ሐጂ ፎቶ አይወዱም ነበር።

ሰብሪና ቤት ስሄድ ራሴ ቀለል ይላል፤ ልመለስ በሩን ስከፍት ደግሞ እንደ መቀነት ይጠመጠምብኛል። ሰብሪና «ጂን አለበት፤ ሸኽ ቁርኣን ይቅራበት» አለች። ሸኹም መጥተው ቁርኣን ቀሩ፤ ግን የመጡበት ቀን ፀሐይ ነበር፣ መስኮቱ ሁሉ ተከፋፍቶ ነበር፤ ምንም የለም ብለው ሄዱ። በማግስቱ ደመና ሆነ፣ እሱም መጣ።

ለጠየቅከኝ፣ ደመና ሲሆን በጄኔሬተር ነው የሚሠሩት። በቤንዚን የሚሠራ ነው፤ ፀሐይ ሲጠፋ በራሱ ይነሣል። ድሮ ግቢው መሃል ነበር፤ ዝናቡ እንዳያበላሸው ሰሀል ከኮሪደሩ ጀርባ ያለችዋ ጣራ ያላት መተላለፊያ ውስጥ አስገባው። አሁን ደግሞ ዝናብ ሊመጣ ነው መሰለኝ ጄኔሬተሩ ተነሥቷል፤ እየሰማሁት ነው። ልተኛ ትንሽ።

ሀረግ

*

ደብረ ብርሃን
ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ! ሰላምታ የለውም፣ ኋላ ቅጪኝ። አትተኚ!

ጄኔሬተሩን አጥፊ። ማጥፋቱ ካቃተሽ ተዪው፤ ኤዶን ይዘሽ ውጪ። ግቢ ውስጥ ሳይሆን መንገድ ላይ ውጡ። መስኮት ልክፈት ብለሽ እንዳትቆዪ። የጄኔሬተሩ ጭስ ነው። ያ ቬንትሌተር ቤቱን ሲስብ ከመተላለፊያው ጭሱን ነው እየጎተተ የሚያስገባላችሁ። ሽታው የለመዳችሁት የቤንዚን ሽታ ነው፤ የሚገድለው ግን አይሸትም፣ አይታይም። ራስ ምታቱ እሱ ነው። ድመቷን የገደላት እሱ ነው።

ደውዬ አታነሺም። አሁንም እየደወልኩ ነው።

*

ደብረ ብርሃን፣ በዚያው ዕለት

እትዬ ሀረግ፣

መልእክቴ ደርሷል፤ አልተከፈተም። ለሰብሪና ደውያለሁ። ታክሲ ይዛ ወጥታለች። ሰሀልንም አግኝታዋለች፤ ከአየር ማረፊያ እየመጣ ነው። ፈረቃዬን ትቼ በር ላይ ቆሜያለሁ፤ ስልኬን አልሰጥም ብያቸዋለሁ፤ ካባረሩኝ ያባርሩኝ።

አንድ ቃል ጻፊልኝ። አንድ ፊደል ይሁን።

*

ሀርጌሳ፣ 31 ሜይ፣ ሰብሪና ቤት
ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዘሩባቤል፣

በሕይወት ላለ ሰው እንደሚገባ፣ ሰላምታዬ ይድረስህ። በስልክ ማልቀስ እንጂ ማውራት ስላልቻልኩ፣ የጠየቅከኝን ሁሉ ዛሬ ልመልስልህ።

ሰብሪና ስትደርስ የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። ጎረቤቶች አጥር ዘለው ከፈቱላት። እኔን ያገኙኝ ወጥ ቤት ወለል ላይ ነው። እውነት ነው፣ ልተኛ ብዬህ ነበር፤ አልጋዬ ጋ ግን አልደረስኩም። ኤዶ ረሺዳን ያገኟቸው ማሽኑ ክፍል ውስጥ፣ የበዓል ልብሳቸውን ለብሰው ነው። ሰብሪና «ፈገግ ብለው ነበር፣ ሞተዋል ብዬ ጮህኩ» ትላለች። ሐኪም ቤት ሁለታችንንም አፍንጫችን ላይ ኦክስጅን አድርገው አስተኙን። እኔ ማታውን ነቃሁ። እሳቸው ቆይተው። መጀመሪያ የተናገሩት በሶማሊኛ ነው፤ ነርሷ ወጥታ ውጭ ለሚጠብቀው ለሰሀል «የት ሄደ እያሉ ነው» አለችው። ሰሀል ስለ እሱ የጠየቁ መስሎት ገባና «እማዬ፣ እዚህ ነኝ» ብሎ እጃቸውን ያዘ። እጃቸውን አስለቀቁት።

ስለ ሰሀል አትቆጣ። ልጁ አሥር ዓመት ያረጀ ነው የሚመስለው። ዝናብ እንዳይነካው ብሎ ነው።

ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ እያልክ በየቀኑ አትደውልልኝ። የቤቱ አየር ንጹሕ ነው ስትል ንጹሕ ነበር። የጄኔሬተሩን ቦታ ቀድሜ ብነግርህ ኖሮ አንተም ቀድመህ ታውቀው ነበር። አብረን ነው የሳትነው፤ ዝጋው።

የኮሪደሩን መስኮት ማን ዘጋው ላልከኝ፣ ዝናብ ነበር እኮ ዘሩ። ዝናብ ሲሆን መስኮት ይዘጋል።

አሁን ደህና ነኝ። እጄ ላይ ትንሽ መንቀጥቀጥ ቀርቷል።

እህትህ ሀረገወይን

*

ደብረ ብርሃን
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሀረግ፣

እንዴት ሰነበትሽ? መንቀጥቀጡስ? አልተባረርኩም፤ አለቃዬ ጉዳዩን ሲሰማ ራሱ ስልኩን አውጥቶ ሰጠኝ።

ወደዚያ ቤት አልመለስም እንድትዪኝ ነበር የጠበቅሁት። እመለሳለሁ ካልሽኝ ግን ሰሀል ይህን ሳይፈጽም እግርሽን እንዳታስገቢ። ጄኔሬተሩ ከቤቱ ርቆ ግቢው ዳር ይሁን፤ ለዝናቡ ቆርቆሮ ከላዩ ይበቃዋል፣ ጎኑ ግን ክፍት ይሁን። ማሽኖቹ አየራቸውን ከውጭ፣ በሌላኛው አቅጣጫ፣ በወንፊት ጨርቅ ይሳቡ፤ አቧራው ጨርቁ ላይ ይቀራል፣ ጨርቁ ይታጠባል። የበሩ ሥር ይደፈን። ይህ ጭስ ሲኖር የሚጮህ ትንሽ ነጭ መሣሪያ አለ፤ በባትሪ ነው የሚሠራው። አንዱን በኮሪደሩ፣ አንዱን ኤዶ መኝታ ቤት ይስቀል።

ያየሽውን ነገር አስቤበታለሁ። ደም አየር ሲያጣ ራስ የሌለ ነገር ያያል፤ ሐኪምም የሚለው ነው። ከሰማሽው፣ ከፈራሽው ተነሥቶ ሰው ይሠራል። የትከሻው ነገር ግን... እሱ አልገባኝም። ኤዶ ሳይታወቃቸው ነግረውሽ ይሆናል። እንደዚያ ነው ብለን እንተወው።

ስለ መስኮቱ ግን አላመንኩሽም። አንቺ ስትዋሺ ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ ትደግሚዋለሽ።

ወንድምሽ ዘሩ

*

ሀርጌሳ፣ ጋአን ሊባህ
ግንቦት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማይታለለው ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? የሙሽራይቱ ወላጆች ቀን ቆረጡ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ የእጄም መንቀጥቀጥ ቆሟል። እስካሁን ዝም ማለቴ ነገሩ ስላላለቀ ነበር። አሁን ስላለቀ ልንገርህ።

ተመለስኩ። ሰሀል ያልከውን ሁሉ ፈጽሟል። ጄኔሬተሩ ግቢው ጫፍ ወጣ፤ ወንፊቱ ገባ፤ ነጫጮቹ መሣሪያዎች ተሰቀሉ። ራሴን አንድም ቀን አላመመኝ። ቤቱ ቤት ሆነ።

ኤዶ ረሺዳ ግን ደመና ይጠብቁ ነበር። የመጀመሪያው ዳመነ፤ ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው ተቀመጡ። አልመጣም። ምሳቸውን ሳይነኩ ልብሳቸውን አወለቁ። ሁለተኛውም እንደዚያው። በሦስተኛው ጠሩኝና እጄን ያዙ።

«አንተ ጥሩ ሰው ነህ። ያንን ሞተር ወደ ቦታው መልስልኝ። ለሰሀል ዝናብ ነው በለው።»

«ኤዶ፣ ያ ጭስ ይገድላል። ሐኪሙ ነገረዎት እኮ።»

«ሐኪሙ ሳይነግረኝ አውቃለሁ» አሉ ረጋ ብለው። «ሀርታሼክ ብርድ ሲሆን ድንኳን ውስጥ ከሰል ይዘው የተኙ ሰዎች ነበሩ። ጠዋት አልተነሡም። ማታውን የሞተ ሰው ጠራን እያሉ ሲያወሩት ሰምተናል። ጭሱን አውቀዋለሁ።»

ይኸውልህ መስኮቱ። ያን ዕለት ከመውደቄ በፊት የኮሪደሩ መስኮት ስንጥቅ ላይ የእሳቸው ሻሽ ተጠቅጥቆ አይቻለሁ። በወጥ ቤቱ በር ሥር ደግሞ ፎጣ። እኔ አላደረግሁትም፤ ሰሀል ቤት አልነበረም። ሐኪም ቤት ተኝቼ ሳስበው ከረምኩ፤ ለአንተ ከነገርኩህ አንዳች ነገር ታደርጋለህ ብዬ ፈራሁ። ዝናብ ነው ያልኩህ ለዚህ ነው።

አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው አውቃለሁ ሲሉኝ እጄን ከእጃቸው አወጣሁ።

«እኔስ ኤዶ?» አልኳቸው። «እኔም እዚያው ቤት ውስጥ ነበርኩ። እኔንስ?»

ማሽኖቹ ይጮሃሉ።

«አንተ ወጣት ነህ» አሉ። «ትነቃለህ ብዬ ነው።» ቀጥለውም፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «አላሰብኩህም። ውሸት አልናገርም። እሱ ሲመጣ ሌላ ሰው አላስብም።»

ተነሥቼ ክፍሌ ገባሁና ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ማጠፍ ጀመርኩ። ሰብሪናም ሥራ አላጣልሽም፣ ነይ ብላኝ ነበር። ሻንጣውን ዘግቼ በኮሪደሩ ሳልፍ ቀና ብዬ አየሁ። የነጩ መሣሪያ አረንጓዴ መብራት ጠፍቷል። አወረድኩት፤ ባትሪው የለም። መኝታ ቤታቸው ያለውም ባዶ ነው። ኤዶ ረሺዳ መስገጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሳልጠይቃቸው መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ባትሪዎቹ መዳፋቸው ውስጥ ናቸው፤ በላብ ርሰዋል።

ያን ጊዜ መሄድ አቃተኝ ዘሩ። ተቆጥቼ ነበር፣ አሁንም ተቆጥቻለሁ። ግን ጥያቸው ብወጣ ነገ ሌላ ሴት ትቀጠራለች፤ የኮሪደሩን ነገር የማታውቅ።

ሰሀል ከሥራ ሲመጣ በሩ ላይ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኩት። ሻሹን፣ ፎጣውን፣ ባትሪውን። በመጀመሪያ አላመነም፤ «እናቴ? እኔን ያሳደገችኝ እናቴ?» አለ። ባትሪዎቹን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ከዚያ ወደ አባቱ ክፍል ገባና ማሽኖቹን አጠፋቸው። ሁለቱንም፣ ቬንትሌተሩንም። ሽቦውን ከብሬከሩ ነቀለው።

ዘሩ፣ ዝምታ ምን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ቤቱ ጆሮዬ ላይ ወደቀ። የጎረቤት ፍየል ሰማሁ። ውጭ መንገድ ላይ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። ሰሀል ሲተነፍስ ሰማሁ። ሦስታችንም ቆመን አዳመጥን፤ እኔ ራሴ ጉሮሮ ሲጠረግ ልሰማ እንደጠበቅሁ አልደብቅህም። ምንም የለም። ክፍሉ ባዶ ክፍል ነው።

ኤዶ ረሺዳ በሩ ድረስ መጡ። አዩ። ከዚያ በሩ ሥር ቁጭ አሉና፣ በሶማሊኛ ሳይሆን በአማርኛ፣ ለእኔ፣ «አሁን ሞተ» አሉ።

አለቀሱ። ሐጂ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ሰሀል እናቱ ስታለቅስ አይቶ አያውቅም ነበር። አጠገባቸው ተንበርክኮ ራሱን ጉልበታቸው ላይ አደረገ፤ አባቱን እያነሣ አብሯቸው አለቀሰ። በማግስቱ ማሽኖቹን የሚወስድ ሰው መጣ። ከዚያ ጎረቤት ሴቶች መጡ፣ ዘመድ መጣ፤ ቁርኣን ተቀራ፣ ለመጣው ሰው ሩዝና ሥጋ ሠራሁ። ማንም ለምን ዛሬ ብሎ አልጠየቀም።

ሰው እየሄደ እየመጣ ሳለ ክፍሌ ገብቼ ነጠላዬን አወጣሁ። ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቄ ለብሼ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጥኩ። ኤዶ ረሺዳ አዩኝና ጫፉን በጣታቸው ያዙት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«እኛ አገር የሚያውቁት ሰው ሲሞት ለቅሶ ላይ እንዲህ ነው የሚለበሰው።»

«አንተ ታውቀዋለህ?»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ሐጂ ዓብዲዓዚዝን በሕይወት አይቼ የማላውቅ፣ ከሞቱ በኋላ የተቀጠርኩ ሴት ነኝ።

«አዎ፣ ኤዶ» አልኳቸው። «አውቃቸዋለሁ።»

ቦታ ለቀቁልኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

እህትህ ሀረገወይን